ከመቃብሩ ድንጋይ ጀርባ የቆሙት ሽማግሌ

አሰላ ተመድቤ የማስተምር ሰው ነኝ፤ ትርፍ ጊዜዬን የሚበላው ካሜራ ነው። ወደ ጢቾ በሚወስደው መንገድ፣ ገብስ ማሳ ዳር ያለ አንድ ጥንታዊ የመቃብር ድንጋይ አለ። እሱን ከአንድ ቦታ ላይ ቆሜ በክረምት፣ በመስከረም፣ በበጋና በበልግ አነሳሁት።

አራቱን ፎቶዎች ኮምፒውተር ላይ ሳሰፋቸው ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። በአራቱም ላይ ከድንጋዩ ጀርባ ራቅ ብለው፣ ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ቆመው ወደ እኔ ያያሉ። ሳነሳ ግን አንድም ቀን ሰው አላየሁም። ሟቹ ራሳቸው ይሆኑ እንዴ አልኩ።

እልህ ይዞኝ ቅዳሜ ጠዋት ተመለስኩ። ጉሙ ማሳውን ውጦታል። የካሜራዬን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ዘርግቼ ሳጎነብስ፣ ከኋላዬ ዱላ ድንጋይ ሲመታ ሰማሁ። ዞርኩ። እሳቸው ናቸው።

«እርስዎ... ማን ነዎት?»

«የማሳው ባለቤት ነኝ።» ዱላቸውን ወደ ማቆሚያው ቀሰሩ፤ ወደ እሱ ግን አልተጠጉም። «መሬት ለኪዎች መጥተው የወንድሜ ማሳ ላይ እንዲህ ያለ ባለ ሦስት እግር ተከሉና ለኩ። በዓመቱ መሬቱ ተወሰደ። አንተ በመጣህ ቁጥር የምቆመው መሬቱ ሰው እንዳለው እንድታይ ብዬ ነው። እና ልጄ፣ የምታስነሱን መቼ ነው?»