በእንግሊዝኛ የሚያለቅሱ ልጆች

ባለፈው ሰሞን ሦስት ዓመት ተኩል የሆናትን ልጄን ላስመዘግብ ሄጄ፣ የመዋለ ሕፃናቱን ደጃፍ ገና ከማለፌ የወለል ሰም ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ፣ ተመዝጋቢዋ እኔ የሆንኩ ይመስል ጫማዬን ላወልቅ ጎንበስ አልኩ። ልጄ ግድግዳው ላይ የተሳሉትን ዝሆኖች እያየች ትስቃለች፤ እኔ የምሸሽበትን በር እፈልጋለሁ። ዳይሬክተሯ ሽቶዋ የሚያምር ወጣት ናት፤ ቅፁን እያቀበለችኝ «ቶሎ እንድትለምድ ቤትም ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ አናግሯት፤ አያት ምናምን ካለም ንገሯቸው፣ ሌላ ቋንቋ ሲቀላቀል ልጆች ይደናገራሉ» አለችኝ። ቅፁን ጠረጴዛዋ ላይ መልሼ፣ ልጄን በክንዷ ይዤ፣ ደህና ዋይ እንኳ ሳልላት ወጣሁ። ባለጌ ብላኝ ይሆናል፤ ትበለኝ። ይህን ምክር ስሰማ የመጀመሪያዬ አልነበረም።

ያደግኩት መርካቶ፣ ከጭድ ተራ ብዙም የማይርቅ ግቢ ውስጥ ነው፤ መንግሥት ተለውጦ ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ። አባቴ የብርድ ልብስ ጅምላ ነጋዴ ስለነበር ቤታችን መጋዘንም ነበር፤ እስሩ እስከ ጣራ ይደረደራል፣ እኛ በተረፈው ቦታ እንኖራለን፤ አዲስ ሱፍ፣ ናይለንና አይጥ አንድ ላይ ይሸታል። በዚያ ክምር ሥር የአባቴ እናት እማማ ዘይነባ ከስልጤ አገር ከመጣችበት ቀን ጀምሮ ተቀምጣ ታወራለች። ለድመቷ ታወራለች፣ ለዝናቡ ታወራለች፣ ለሬዲዮኑ መልስ ትሰጣለች፤ ሁሉንም በስልጥኛ፣ ምክንያቱም አማርኛዋ ከሰላምታ አያልፍም። እናቴ ደግሞ የወሎ ልጅ ናት፣ ስልጥኛ አንድ ቃል አትሰማም። ስለዚህ በአንድ ጣራ ሥር የሚኖሩት የሁለቱ ሴቶች አስተርጓሚ የአራት ዓመቷ እኔ ነበርኩ። አያቴ ስለ ጉልበቷ ያማረረችውን ለእናቴ «ለልጅቷ ስኳር ስጪያት አለችሽ» ብዬ የተረጎምኩበት ጊዜ ትንሽ አይደለም። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል፤ እኔ በጊዜዬ በደንብ በልቻለሁ።

አባቴን በእንግሊዝኛ ያሳበደው አንድ ጭነት ብርድ ልብስ ነው። ከውጭ የገባውን ዕቃ፣ ላዩ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ስለማይችል፣ የደላላ ቃል አምኖ ገዛና ሲፈታው ሁሉም የሕፃን ብርድ ልብስ ሆኖ ተገኘ። ተራው ሁሉ ሳቀበት። የጎረቤት ሱቅ ባለቤት የጎጃሙ ጋሼ አለሙ አንዱን አንስቶ ጉልበቱ ላይ ጣል አድርጎ «ሸምሱ፣ እግሬን ምን ላልብሰው?» ያለውን አባቴ እስከ ዛሬ አልረሳውም። በዚያ ሰሞን ሬዲዮኑ ጠዋት ማታ እያንዳንዱ ብሔረሰብ ልጁን በራሱ ቋንቋ የማስተማር መብቱ ተከበረ ይላል፤ አባቴ «እሰይ፣ አልሐምዱሊላህ» ይልና ኮቱን ደርቦ ስልጥኛም አማርኛም የማይነገርበት ትምህርት ቤት ፍለጋ ይወጣል።

ትምህርት ቤት የመረጠው ዕቃ እንደሚመርጥ ነው፤ የሻጭ አፍ አያምንም። ሱቁን እየዘጋ፣ ከሲኒማ ራስ አካባቢ ጀምሮ ያሉትን እየዞረ፣ በእረፍት ሰዓት አጥር ሥር ቆሞ ጆሮውን ይሰጣል። አስተማሪ ፊት ማንም እንግሊዝኛ ይላል፣ ዋናው አስተማሪው ዞር ሲል የሚወጣው ነው፣ ባይ ነው። አንዱ ጋ ልጆቹ ሲጣሉ በአማርኛ ተሰዳደቡ፤ ሰረዘው። ሌላው ጋ የሚያለቅስ ልጅ ዘበኛው በጉራጊኛ አባበለው፤ ሰረዘው። ሦስተኛው ጋ አንድ ልጅ ወድቆ ጉልበቱ ሲላጥ «ማሚ» እያለ አለቀሰ፣ ጓደኞቹም ከበው «ሶሪ፣ ሶሪ» አሉት። አባቴ እየሮጠ ቤት ገብቶ «የሚያለቅሱት እንኳ በእንግሊዝኛ ነው!» አለ። በማግስቱ ተመዘገብኩ። እንዴት እንደሚያለቅሱ ያን ያህል ያዳመጠ ሰው ለምን እንደሚያለቅሱ አለመጠየቁ ዛሬም ያንገበግበኛል። ጋሼ አለሙ ብቻ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን» ቢለው አባቴ ቅናት መሰለው።

ያን ትምህርት ቤት እጠላዋለሁ። ወለሉ በቀይ ሰም ተወልውሎ ፊት ስለሚያሳይ ጫማችንን በር ላይ አውልቀን በካልሲ ነበር የምንገባው፤ ቋንቋችንንም እዚያው ከጭቃው ጋር። ሽንት ቤት የሚያስጠይቀው እንግሊዝኛ አልመጣ ብሎኝ ልብሴ ላይ የለቀቅኩባቸውን ቀናት አልቆጥራቸውም። ማዳም የምንላት ዳይሬክተር ደግሞ አንዲት ጣውላ ነበረቻት፣ በሲባጎ የታሰረች። አንዲት የአገር ቤት ቃል ያመለጠችው ልጅ አንገቱ ላይ ትንጠለጠልበታለች፤ የሚያወልቃት ሌላ ጥፋተኛ ይዞ ለዚያ ሲያጠልቅለት ብቻ ነው። በአራት ዓመታችን ጆሮ ጠቢ ሆንን። እኔ ራሴ የቅርብ ጓደኛዬ ወድቃ «ወይኔ!» እንድትል እግሬን ዘርግቼባታለሁ፤ ብላለችም። ትምህርት ሲያበቃ ጣውላዋ አንገቱ ላይ የቀረችበት ልጅ ቤቱ ይዟት ሄዶ በማግስቱ ማዳም ፊት ይቆማል።

አንድ ቀን እኔ ጋ ቀረች። እያለቀስኩ ቤት ስገባ አያቴ ከክምሩ ሥር እጇን ዘርግታ እንደ ልማዷ በስልጥኛ አቆላመጠችኝ፤ እኔ የሰማሁት ግን ቁልምጫውን ሳይሆን ጥፋቱን ነው። ጣውላዋን አወለቅኩና አንገቷ ላይ አጠለቅኩላት። ስጦታ መስሏት ሳመችኝ። ሻሿን አስተካክላ፣ ጣውላዋን ደረቷ ላይ አሳምራ፣ ግቢውን እየዞረች ለጎረቤት ሁሉ አሳየች፤ ሴቶቹም «ያምርብዎታል እማማ» አሏት። አባቴ ከሱቅ ሲመለስ ምንድነው ብሎ ቢጠይቀኝ ሕጉን ነገርኩት። ሳቀ። በሳቁ ቢያበቃ ይቅር እለው ነበር። ግን ሲያስመዘግበኝ ማዳም የመከረችውን አስታወሰና እናቱ አጠገብ ተቀምጦ በስልጥኛ ቀስ ብሎ ነገራት፤ ያኔ ስልጥኛ ስለምሰማ አንድም ቃል አላመለጠኝም። ልጅቷ ሰው እንድትሆን ከእንግዲህ አታናግሪያት፣ እርጂን፣ አላት። አያቴ ጣውላዋን አውልቃ፣ ሲባጎውን በሥርዓት ጠቅልላ፣ ለእኔ መለሰችልኝ።

ቃሏን ጠበቀች፤ ምናለ ባልጠበቀች! ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእኔ ጋር በእጅ ሆነ፤ ሁለቴ ካጨበጨበች ነይ ማለቷ ነው፣ ጉልበቷን መታ መታ ካደረገች ቁጭ በዪ ነው። ለድመቷ ግን ማውራቷን አልተወችም፤ በድመት ቀናሁ። እናቴና እሷም አስተርጓሚያቸውን ተነጥቀው ፈገግ እየተባባሉ ብቻ መኖር ጀመሩ። አባቴ ማዕድ ላይ «ኢት! ኢት!» እያለ በሚያውቃት አንዲት ቃል ቤቱን ያስተዳድራል። አማርኛን ሰፈሩ መለሰልኝ፤ ብይና ጠብ፣ የታክሲ ረዳት ጩኸት ባለበት መርካቶ አማርኛን ማንም ከማንም አይነጥቅም። ለስልጥኛ ግን የነበረችኝ አስተማሪ አንዲት ናት፣ እሷንም አፏን አስያዝናት። በሰባት ዓመቴ ከአባቴ ጋር ስታወራ እዚህም እዚያም አንድ ቃል እይዝ ነበር፤ በአሥር ዓመቴ ዜማው ብቻ ቀረኝ። በምትኩ አባቴ ሱቅ እየወሰደ ካርቶን ያስነብበኛል፤ «ሜድ ኢን ቻይና» ስል ተራው ያጨበጭባል፣ እሱ ደረቱን ይነፋል። የሕፃን ብርድ ልብስ ዳግመኛ ተታሎ አልገዛም።

አሥራ አምስት ዓመት ሲሆነኝ አያቴን ስትሮክ መታት። እጆቿ አልታዘዝ አሏት፤ የእጅ ቋንቋችንም በዚያው አለቀ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት እናቴ መድኃኒት ልትገዛ ወጥታ ብቻችንን ሳለን፣ አያቴ ዓይኗን ዓይኔ ላይ ተክላ መናገር ጀመረች። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ እኔን ስታናግረኝ የመጀመሪያዋ ነው። ትልቅ ሰው ታሞ ለልጅ ልጁ እንዲህ ረዘም አድርጎ ከተናገረ ዱዓ እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? ለዱዓ መዳፍ እንደሚዘረጋ፣ ንግግሩ ባረፈ ቁጥር «አሚን» እንደሚባል ይህን ያህል እንኳ አውቃለሁ። አልጋዋ ሥር ተንበርክኬ መዳፌን ዘረጋሁና «አሚን» አልኩ። ቆም ብላ አየችኝ። ደገመችው። «አሚን» አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ እኔም በምርቃቱ ልቤ ተነክቶ አብሬያት እያለቀስኩ አሚን፣ አሚን እላለሁ።

አባቴ በዚህ መሃል ገባ። በሩ ላይ ቆሞ ለአፍታ አዳመጠና ተንደርድሮ ብርድ ልብሱን ገለጠ። ግራ እግሯ ከሥሯ ተጠማዝዞ ቀርቶ ነበር። «እግሬን አቃኚልኝ ነው እኮ የምትልሽ! ልሞት ነው እያለችሽ!» ብሎ ጮኸብኝና፣ የተዘረጉ መዳፎቼን አየ። እግሯን ቀስ አድርጎ ሲያቃና እሱ እኔን አያይም፣ እኔም እሱን አላይም። የዚያን ቀን ያህል ሰው ጠልቼ አላውቅም፤ እሱን ይሁን ራሴን አለየሁትም።

ትንፋሿ መለስ ሲል አያቴ እንደገና መናገር ጀመረች፣ ዓይኗ እኔው ላይ ነው። ለእኔ ጆሮ ከቅድሙ የሚለየው ነገር አልነበረም። ትራሷ ነው? በረዳት? ብዬ ወደ አባቴ ብዞር፣ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ እንባው በጢሙ እየወረደ «አሚን» ይላል። ምን አለች ብዬ ብጠይቀው ቃሏ እንዳያመልጠው ፈርቶ ቆይ አለኝ። እኔም እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ለእኔ የወረደውን ምርቃት እሱ ሲቀበለው አየሁ።

ከቀብሯ በኋላ ምን እንዳለችኝ ጠየቅኩት። ብዙ አሰበና «በአማርኛ አይመጣልኝም» አለኝ።