በቀርከሃው ላይ የተተኮሱት ሦስት ጭረቶች

እኔ ቀናተኛ ሰው ነኝ። ሌላው ሰው ስለ ጠባዩ ሲጠየቅ «ትንሽ ግልጽ ነኝ»፣ «ትንሽ እቸኩላለሁ» ይላል። እኔ ግን እቀናለሁ፤ ያውም እርር ድብን እስክል ድረስ። እንጅባራ ላይ፣ አስፋልቱ ዳር ኮምፒውተር ቤት ከፍቼ በነበርሁባቸው ዓመታት ይህ ጠባዬ ሱቁን ከእኔ ጋር ከፍቶ ከእኔ ጋር ይዘጋ ነበር።

ሥራዬ ያገለገሉ ኮምፒውተሮችን ከአዲስ አበባ እያመጣሁ፣ የጎደለውን እየሞላሁ፣ ለጽሕፈት አገልግሎትና ለሙዚቃ ቤቶች መሸጥ ነበር። በእኛ አካባቢ ሰው የኮምፒውተሩን ሳጥን እንዳለ «ሲፒዩ» ይለዋል። ሲፒዩዎቹ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ተጭነው ስለሚመጡ የፊታቸው ፕላስቲክ ብዙ ጊዜ ተሰብሮ ይደርሳል። ፊት የሌለውን ሲፒዩ ደግሞ ማንም አይገዛም፤ ሽቦው ሁሉ ተዘርግፎ እየታየ «ይህ የሞተ ነው» ይሉሃል። ካርቶን ለጥፌ አየሁ፤ የባሰ አስቀያሚ ሆነ።

በገበያ ቀን አንድ አዛውንት የቀርከሃ ወንበርና ቅርጫት ከሱቄ ፊት ለፊት ዘርግተው ይሸጡ ነበር። ከገጠር የሚመጡ፣ ከደንበኛ ጋር በአማርኛ፣ ከወዳጆቻቸው ጋር በአገውኛ የሚያወሩ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። የሲፒዩውን ፊት ልክ በካርቶን ቆርጬ ሰጠኋቸውና አየር የሚያስገባ፣ ለማብሪያው ቁልፍ ቀዳዳ ያለው ክዳን እንዲሠሩልኝ ለመንኋቸው። በሚቀጥለው ገበያ ይዘውት መጡ። ከስስ ቀርከሃ በሰያፍ የተጎነጎነ ነው፤ ከታች በቀኙ ጥግ በጋለ ብረት የተተኮሱ ሦስት አጫጭር ጭረቶች አሉበት። ሲፒዩው ላይ ገጥሜ ራቅ ብዬ ሳየው ደስታዬ መጠን አጣ።

«እነዚህን ጭረቶች እንዳይረሷቸው፤ ሁልጊዜ ይኑሩ» አልኋቸው።

«እሺ» አሉኝ። እኔም ሌላ አልጠየቅሁም።

ከዚያ በኋላ ሥራዬ ስም አወጣ። ከዳንግላም ከጫግኒም የሚመጣ ሰው «ያንን ባለ ቀርከሃውን ስጠኝ» ይለኝ ጀመር። ጭረቶቹን በጣቴ እያሳየሁ «ይህ የሌለበት የእኔ አይደለም» እል ነበር። ደጋግሜ ከማለቴ የተነሣ፣ አንድ ቀን ቁጭ ብዬ እኔው ራሴ ያሰብኋቸው መሰለኝ። ይህንን አሁን ስናገረው ያሳፍረኛል፤ ያን ጊዜ ግን ከልቤ አምኜው ነበር።

ኋላ አንድ የዳንግላ ሰው ከአስፋልቱ ማዶ፣ ልክ በፊቴ፣ ኮምፒውተር ቤት ከፈተ። አባቱ ጋሪ ነጂ እንደ ነበሩ በሁለተኛው ቀን ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ እሱው ራሱ እያሳቀ ይናገራላ። ሰው ሲገባለት ወንበር ይስባል፣ ስለ አባቱ ፈረስ ዐመል ያወራል፣ ገዢውም እየሳቀ ይወጣል። እኔ ቀልድ አልችልበትም። ወንበሬን አዙሬ የእሱ በር እንዲታየኝ አድርጌ መቀመጥ ጀመርሁ። ሽቦ እየበየድሁ ዓይኔ ማዶ ስለነበር ጣቴን ስንት ጊዜ አቃጠልሁ መሰላችሁ።

አንድ ጠዋት በእሱ መስኮት ላይ ባለ ቀርከሃ ፊት ሲፒዩ ተደርድሮ አየሁ። ተሻግሬ ሄድሁ። ጉንጉኑ ያው፣ ሰያፉ ያው፣ ጥጉ ላይ ያሉት ሦስት ጭረቶች ያው። ደሜ ፈላ። ከማን እንዳሠራው እንኳ ሳልጠይቅ፣ ደንበኞቹ እየሰሙ «በሰው ወርቅ አይደምቁም!» ብዬ ጮህሁበት።

እሱ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ «ምቀኛ አታሳጣኝ!» አለ። ሱቁ በሳቅ ተሞላ።

በዚያው ሳምንት የጫግኒ ሰው ከእሱ የገዛውን ሲፒዩ የእኔ መስሎት ለጥገና አመጣልኝ። የበሩን መጋረጃ ሳብ አድርጌ ከፈትሁት፤ እንከን ላገኝ ነበር የፈለግሁት። ገመዱ ሁሉ ተጠቅልሎ ታስሯል፣ ፋኑ ተጠርጎ ዘይት ተደርጎለታል፣ ብሎን አንድ አልጎደለም። እኔ ገመድ አስሬ አላውቅም። ብልሽቱ የመብራት መቆራረጥ ያመጣው ነበር። ለሰውዬው «የእኔ ሥራ አይደለም፤ ወደ ገዛህበት ውሰደው» አልሁትና ክዳኑን መለስሁ።

ከዚህ በኋላ ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄድሁ። እዚያ ያለችው ሠራተኛ ጉዳዬን በትዕግሥት ሰማችኝ። እነሱ የሱቅ ስም እንደሚመዘግቡ፣ የዕቃ መልክና ምልክት ግን አዲስ አበባ ባለው መሥሪያ ቤት እንደሚመዘገብ ነገረችኝና ቅጹን አተመችልኝ። ቤቴ ወስጄ ሞላሁት። «ንድፉን የፈጠረው» በሚለው መስመር ላይ ስሜን ከነአያቴ፣ በምችለው በተዋበ የእጅ ጽሑፍ ጻፍሁ። ያንን ወረቀት ደጋግሜ አነበብሁት። ሲመዘገብልኝ ማዶ ያለው ሰው መስኮቱን ባዶ ሲያደርግ ወንበሬ ላይ ሆኜ ለማየት ተዘጋጅቼ ነበር።

አከራዬ ግን ወሬውን ሰሙ። ሽማግሌ ናቸው፤ የሰፈሩን ጠብ የሚያበርዱት እሳቸው ናቸው። «ጎረቤት ጎረቤቱን በወረቀት ከመውጋቱ በፊት እኛ እንስማ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁለታችሁም ምስክራችሁን ይዛችሁ ኑ» አሉ።

እኔ ምስክሬን አላጣሁም። ቀርከሃ ሠሪውን አዛውንት ለመንኋቸው። ቀድሜ ያዘዝኋቸው እኔ መሆኔን ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። የማዶው ሰው ያሠራው ከሌላ አስመሳይ ነው ብዬ ደምድሜ ነበር።

በአከራዬ ግቢ ሦስት ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ሁለቱ የቀርከሃ ፊቶች፣ የእኔና የማዶው፣ አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተደረጉ። አዛውንቱ ሁለቱንም አንሥተው አገላበጧቸው።

«ቀድሞ ያዘዘዎት ማነው?» አሉ አከራዬ።

«ይህ ልጅ ነው» አሉ ወደ እኔ እያመለከቱ።

ማዶ የተቀመጠውን ሰው አየት አደረግሁት። ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

«ይህንኛውንስ ማን ሠራው?»

«ሁለቱንም እኔ። እሱም ገበያ ላይ መጥቶ ለመነኝ፤ ሠራሁለት። ቀርከሃ ለአንድ ሰው ብቻ አይበቅልም።»

«ይሁን። ጭረቱንስ? ምልክቱ የእኔ ነው ይላል ይህ ልጅ።»

አዛውንቱ የገባቸው አልመሰለኝም። በአገውኛ አጠገባቸው ያሉትን ሽማግሌ አንድ ነገር ጠየቁ፤ እሳቸውም መልሰው አስረዷቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ቁጣ አልነበረባቸውም።

«ይህማ የቀፎዬ ምልክት ነው» አሉ። «ቀፎ ጫካ ይሰቀላል። የማን እንደ ሆነ በምን ይታወቃል? አያቴ አንድ ይተኩሱ ነበር። አባቴ በእሳቸው ላይ አንድ ጨመረ። እኔ ሦስተኛውን ጨመርሁ። ከእጄ በወጣ ነገር ሁሉ ላይ አደርገዋለሁ፤ ወንበሬንም ገልብጠህ ብታየው አለበት።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?» አልሁ። ድምፄ እንደ ሕፃን ቀጠነ።

«አልጠየቅኸኝም። ትኑር አልኸኝ፤ ወደድሃት ብዬ ደስ አለኝ።»

በደረት ኪሴ ውስጥ ቅጹ ነበር። የማዶው ሰው ያን «በሰው ወርቅ» ያልሁትን ተረት መልሶ ሊወረውርብኝ ይችል ነበር፤ ሁላችንም እየጠበቅነው ነበር። አልወረወረውም። አንገቱን ደፍቶ የጫማውን ጭቃ በእንጨት ይጠርጋል። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ተመካከሩ። አዛውንቱ ለሁለታችንም ፊቱን መሥራታቸውን እንዲቀጥሉ፣ ጭረቶቹ ግን ለቀፏቸውና ለራሳቸው ዕቃ እንዲቀሩ፣ እኛም የየራሳችንን ምልክት እንድናበጅ ተስማማን። ይቅር ተባብለን ተሳሳምን። የማዶው ሰው ጉንጭ ከጉንጬ ሲነካ እንኳ፣ እኔ ሳልሆን እሱ ይህን ያህል ጨዋ በመሆኑ ቀናሁ።

በሚቀጥለው ገበያ አዛውንቱ ጭረት የሌላቸውን ፊቶች ለየሱቃችን አደረሱ። እኔ ከሰል አቀጣጥዬ ቀጭን ብረት ከተትሁ። አንዱን ፊት ጉልበቴ ላይ አደረግሁ። ብረቱ ጋለ። ምን ልተኩስ? አባቴ መምህር ነበር፤ በየዝውውሩ ከወረዳ ወረዳ ስንዞር ነው ያደግሁት። ቀፎ የለን፣ ፈረስ የለን፣ ከአያቴ የተቀበልሁት ምልክት የለኝ። አበባ አሰብሁ፤ በየመጋረጃው ላይ ያለ አበባ ነው። ኮከብ አሰብሁ፤ የባንዲራ ነው። የስሜን መጀመሪያ ፊደል አሰብሁ፤ ማዶ ያለው ሰው ስምም በዚያው ፊደል ይጀምራል። ብረቱ ቀዘቀዘ። መልሼ ከሰሉ ውስጥ ከተትሁት፤ ጋለ፤ አሁንም እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

ቀና ስል የማዶው ሰው መስኮቱ ላይ ሲፒዩዎቹን እየደረደረ ነው። ክብ ተኩሷል፤ በክቡ ውስጥ የተሻገሩ መስመሮች አሉት። የአባቱ ጋሪ ጎማ ነው። ደንበኞቹ በጣታቸው እየነኩ ይስቃሉ፤ እሱም ስለ ፈረሱ ዐመል እንደገና ያወራል። እስከዚያ ቀን የቀናሁት በገበያው ነበር። የዚያን ቀን ግን በአባቱ ቀናሁ፣ በአዛውንቱ አያት ቀናሁ፣ ተሰቅሎ የባለቤቱን ስም በሚናገር ቀፎ ቀናሁ።

በሰልፍ የሚጠብቀኝ ደንበኛ አልነበረም፤ ያስቸኮለኝም ነገር አልነበረም። ከሰሉ አመድ እስኪሆን ድረስ ተቀመጥሁ። ከዚያም ፊቱን ምንም ሳልተኩስበት እንደ ባዶው ሲፒዩው ላይ ገጠምሁና መስኮቴ ላይ አኖርሁት።