ማር የገባበት ውስኪ

ስለ ውስኪ ያውቃል ተብዬ በኖርኩባቸው ዓመታት እውቀቴ ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ አንድ ዓይን መጨፈን፣ ከጎነጩ በኋላ ደግሞ ሎሚ እንደ መጠጠ ሰው ፊትን ማኮማተር። አቃቂ ውስጥ ይህ ይበቃ ነበር። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የፈረቃ ኃላፊ ሆኜ ሰው ስቆጣ ስለኖርኩ ጡረታ ከወጣሁም በኋላ ድምፄ ያግዘኛል። “ይሄ ደህና ነው” ካልኩ ደህና ነው።

የምንጠጣበት ግሮሰሪ ከአሮጌው የባቡር ሐዲድ አጠገብ ነበር። ሰፈሩ ውስጥ ኮብልስቶን የሚነጠፍበት ጊዜ ስለነበር ከውጭ የሚጠረበው ድንጋይ ድምፅ ቀኑን ሙሉ አይለየንም። ባለቤቱ ወዳጃችን ታሞ አረፈ። ተዝካሩ ካለፈ በኋላ ሚስቱ ቤቱን መልሳ ከፈተችው። የሟች ወንድም ግን ሐሳቡ ሌላ ነው።

“መጠጥ ቤት የወንድ ሥራ ነው። ለመኪና መለዋወጫ ሱቅ እናከራየው” ይላታል።

“እስኪ ልሞክረው” አለችው።

ደንበኛው ከጸና ቤቱ በእጇ ሊቆይ፣ ደንበኛው ከሸሸ ሊከራይ ተስማሙ። ደንበኛው ማለት እንግዲህ እኔ፣ ጡረተኛው ባቡር ነጂና ከመንገዱ ማዶ ያለው ሥጋ ሻጭ ነን። የአንዲት ሴት እንጀራ በኛ ጉሮሮ ላይ ተንጠልጥሎ አስቡት።

ባሏ በሕይወት ሳለ ምን መጠጥ እንደሚገዛ የምንመክረው እኛ ነበርን። እሷ ማንንም ሳታማክር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባንኮኒው ላይ አዲስ ጠርሙስ አቆመች። ቦርቦን የሚሉት የአሜሪካኖች ውስኪ ነው፤ ያውም ማር የገባበት። የባሏ ወንድም ጥግ ይዞ አምቦ ውሃውን ይጠጣል።

ባሏ አዲስ ጠርሙስ ሲከፍት እንደ ድሮ ጠጅ አሳላፊ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምስ ነበር፤ ለኛ የሚቀዳው ከዚያ በኋላ ነው። እሷም እንዲሁ አደረገች። መዳፏን ስትልስ ግን እኛ ነውር ያየን ይመስል ሁላችንም ጣሪያውን ማየት ጀመርን።

“ማር አለው። ቀስ እያላችሁ” አለችና በየመለኪያችን ቀዳች።

አንድ ዓይኔን ጨፈንኩ። አሸተትኩ። ጎነጨሁ። ፊቴን ላኮማትር ስል የሚያኮማትር ነገር የለም።

“ይሄ ብርዝ ነው” አልኩ።

“ጌሾውን የት አደረጉት?” አለ ባቡር ነጂው።

“ለትንሿ ልጄ ልውሰድላት እንዴ? ጉንፋን ይዟታል” አለ ሥጋ ሻጩ።

ሳቅን። እሷ የባንኮኒውን አንድ ቦታ ደጋግማ ትወለውላለች። የባሏ ወንድምም ፈገግ አለ፤ የሱ ፈገግታ ግን ከኛ ሳቅ ጋር የሚሄድ አልነበረም።

ዛሬ ሳስበው ያን ዕለት የጠላነው ጣዕሙን አይደለም። ጣዕሙማ ምላስ ላይ ተደላድሎ ይቀመጣል። ችግሩ ለኛ የሚሆን ሥራ አለመተዉ ነው። ውስኪ ሲያቃጥል ወንድ ይችለዋል፤ መቻሉንም ሰው ያይለታል። ጣፋጭ መቻል ለማን ይታያል? ለካ ዕድሜዬን ሙሉ ስከፍል የኖርኩት ለመጠጡ ሳይሆን ለፊቴ ነው።

ያኔ ግን እንዲህ አላሰብኩም። ብርዝ ነው ብያለሁና ብርዝነቱን እንደ ብርዝ ጠጥቼ ላስመሰክር ተነሳሁ።

“በውሃ ብርጭቆ ቅጂልኝ” አልኳት።

“ጋሼ፣ በመለኪያ ነው የሚጠጣው። ማሩ ቢሸፍነውም ያው ውስኪ ነው።”

“ስለ ውስኪ ለኔ ልትነግሪኝ?”

ወደ ባሏ ወንድም አየት አደረገች። እምቢ ብትል ደንበኛ አባረረች ሊባል ነው። ቀዳችልኝ። ባቡር ነጂውም ከኔ ላለማነስ ብርጭቆውን አቀረበ። ሥጋ ሻጩ በመለኪያው ቀረ፤ ቢላ የሚይዝ ሰው ይጠነቀቃል። እኛ ገለበጥነው።

አራዳ መጠጥ ነው። አላቃጠለ፣ አላስጠነቀቀ። ጥቂት ቆይቶ፣ ቤት እንዴት እንደሚያዝ ለባሏ ወንድም ላስረዳው ብድግ አልኩ። መነሳቴን አስታውሳለሁ፤ መልሼ የተቀመጥኩት ግን ወስኜ አይደለም። ዕድሜውን ሙሉ ባቡር ድሬዳዋ ያደረሰው ጓደኛዬ ደግሞ በሩ አጠገብ ቆሞ “በሩ የት ነው?” ይላል።

እንደ ምንም ብርጭቆዬን ዘረጋሁላት። ጠርሙሱን ከደነችው።

“ይበቃል፣ ጋሼ። ለዛሬ አይቀዳም።”

“ቅጂላቸው እንጂ! ደንበኛ አይደሉ?” አለ የባሏ ወንድም።

“ወንድምህ ልኩን ላለፈ ሰው ሲቀዳ አይተህ ታውቃለህ?”

አምቦ ውሃውን ጨለጠ። “በቃ፣ ደንበኞችሽን ዛሬ ሸኘሻቸው” አላት።

እውነትም ሸኘችን፤ በባጃጅ። ሥጋ ሻጩ ደግፎ አስገባን። ቤት ስደርስ ባለቤቴ “ምን ጠጥተህ ነው?” አለችኝ።

“ብርዝ።”

“ብርዝ እንዲህ ያደርጋል?”

ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ጋደም አልኩ።

ሳምንቱን እንደ ተቀየመ ሰው ሰነበትኩ። ማዶ ሌላ ግሮሰሪ አለ፤ እስክትወድቅ ይቀዱልሃል። ወደዚያ ልሄድ ጫማዬን ካሰርኩ በኋላ ማን እንደበደለኝ ብፈልግ ከራሴ ጉሮሮ በቀር አጣሁ። እሷ ጠርሙሱን የከደነችው ቤቷ ሊወሰድባት እንደሚችል እያወቀች ነው። እኔ ፋብሪካ ውስጥ ያን ያህል ዓመት አለቃ ስሆን፣ የሚያስከፍለኝን “አይሆንም” ብዬ አውቃለሁ? አላስታውስም። አለማስታወሴን በእርጅና አሳበብኩና ወደ ቤቷ ሄድኩ።

ባቡር ነጂውና ሥጋ ሻጩ ቀድመውኛል። አዲስ ጠርሙስ ከፈተች፤ ያንኑ። መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰች። ጣሪያውን ያየ ሰው አልነበረም።

“እንደ መሰለሽ ቅጂልኝ” አልኳት። በመለኪያው ቀዳችልኝ።

የባሏ ወንድም ቤቱን ሊከራይ የሚፈልግ አንድ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ይዞ የገባው በዚህ መሐል ነው። ነጋዴው ክፍሉን ሊለካ ሜትሩን ከኪሱ አውጥቷል። ሦስታችን መለኪያ መለኪያችንን ይዘን ቅዳሴ እንደሚሰማ ሰው ጸጥ ብለን ስናየው ግራ ገባው።

“ቤቱ ባዶ ነው ብለውኝ” አለ።

“ባዶ አይደለም” አለች። “ይቀመጡ፣ አንድ ይቅመሱ። ማር አለው፤ ቀስ እያሉ።”

ነጋዴው ቀመሰና ሳቀ። “ይሄማ ብርዝ ነው! ሰፋ ባለ ብርጭቆ ቅጂልኝ እስኪ።”

እኔና ባቡር ነጂው ወደ ጣሪያው አንጋጠጥን።

“በመለኪያ ነው የሚጠጣው” አለች። የባሏን ወንድም አላየችውም።

ነጋዴው ወደኛ ዞሮ ፊታችንን መረመረ። ከዚያ ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና የባሏን ወንድም “ቤቱ ደንበኛ አለው እኮ” ብሎት በርጩማ ሳበ።