የጎሮው ጉድጓድ እና የተሾመ ጀግንነት

ባለፈው እሑድ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ሠርግ ተጠርቼ ነበር። የተቀመጥኩበት ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ተሾመን አገኘሁት። ዛሬ ጋሽ ተሾመ ነው የሚባለው። ሆዱ ከፊቱ ይቀድማል፣ ክራቫቱ እላዩ ላይ ተጋድሟል። የሙሽራውን ጓደኞች ዙሪያውን ኮልኩሎ ስለ ጉድጓዱ ያወራል። "ያኔ ማን ደፍሮ ይግባ? ፈንጂ አለ፣ እባብ አለ። ሻማዬን ይዤ ብቻዬን ገባሁ። የጓደኛዬን ሬሳ በዓይኔ አየሁት" ይላል። አንዱ ልጅ በስልኩ ይቀርጸዋል። እኔ ቁርጤን እያኘክሁ አዳመጥኩት። ቁርጡ ጥሩ ነበር።

ሻማ የሚባል ነገር አልነበረም። ባትሪ ነበር፣ ባትሪውን የያዝኩትም እኔ ነበርኩ።

ጎሮ ያኔ ከተማ አይባልም። አባቴ የእህል ወፍጮ ነበረው፤ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ እስከ ሰሚት ድረስ ጥቁር መሬት ነው፣ ጤፍና ሽምብራ። በእግር መንገዱ አጋማሽ ላይ አንድ ጉብታ ነበረች። ወታደሮች ለዓመታት ያቺን ጉብታ ሲቦረቡሩ ኖሩ። ሲሚንቶ የጫነ መኪና በደጃችን ሲመላለስ አባቴ የወፍጮ ቤቱን ወለል የሚያስለስንበት አንድ ከረጢት አጥቶ ይብሰለሰል ነበር። ከተማውን ከጠላት ይጠብቃል የተባለለት ምሽግ ነው። መንግሥት የተቀየረ ሰሞን አንዲት ጥይት ሳይተኮስበት ባለቤቶቹ ጥለውት ጠፉ። እኛ ሰፈር ደግሞ ጉድጓዱ ተብሎ ቀረ። ፈንጂ ተቀብሮበታል ስለተባለ የብረት በሩን ነቅሎ ለመሸጥ እንኳ የደፈረ ሰው አልነበረም።

ቶሎሳ እዚያ ዘብ ነበር። የእማማ ዲንቄ ልጅ ነው፤ እማማ ዲንቄ ወተት ነው የሚሸጡት፣ የቤታቸው አጥር ከእኛ ጋር የተያያዘ ነው። ቶሎሳን ኳስ ሜዳ ላይ በአፈሳ ወስደው ወታደር አደረጉት፤ ዕድል ሆኖ እዚያው አገሩ መደቡት። ተሾመም የዚያን ቀን ሜዳ ላይ ነበር፤ እሱ ግን ሮጦ አክስቱ ጎተራ ውስጥ ገባና ሁለት ሳምንት ጤፍ ላይ ተኛ። አልፈርድበትም፣ እኔም ብሆን እሮጣለሁ። የምፈርድበት ከጎተራው ከወጣ በኋላ ስለ ውትድርና ከእሱ በላይ አዋቂ ስለጠፋ ነው።

ግንቦት ላይ ሠራዊቱ ሲበተን የሌላው ሰው ልጅ ተራ በተራ መጣ። አንዱ በሸራ ጫማ፣ አንዱ የሴት ነጠላ ለብሶ። ቶሎሳ አልመጣም። ክረምቱ ወጣ፣ ጤፉ ታጨደ፣ አልመጣም። ጠላ ቤት ውስጥ ወሬ ተነሳ፦ መኮንኖቹ ሲሸሹ ዘቦቹን ውስጠኛው ክፍል ቆልፈውባቸው ነው የሄዱት ተባለ። ወሬው እማማ ዲንቄ ጆሮ ደረሰ። ከዚያ ወዲያ ወተት ሲሰፍሩ እጃቸው ይሳሳት ጀመር። አንድ ቀን እኛ ቤት መጥተው አባቴን "ሞቶ ከሆነ ልቅበረው፣ ካልሞተ ልጠብቀው። መሃል ላይ አታስቀምጡኝ" አሉት። የፈለጉት ይኸው ብቻ ነው።

የእድሩ ዳኛ አቶ ደምሴ ሽማግሌ ሰብስበው መከሩ። ምክሩ ሦስት እሑድ ፈጀ። ሃያ ጎልማሳ ተሰብስቦ ማን ይግባ እየተባለ መሬት መሬቱን ያያል። በመጨረሻ ተሾመ "እኔ አለሁ" አለ። የሚያያት ልጅ በአጠገቡ ስታልፍ ነበር ያለው፤ በኋላ መመለስ አልቻለም። ባትሪ ያለው አባቴ ብቻ ነበር። ተሾመን አላምነውም አለ፤ "አልማዝ ትያዝለት" ብሎ እኔን ላከኝ። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጁን ፈንጂ አለበት ወደተባለ ጉድጓድ የላከው ለባትሪው ሰግቶ ነው። ነፍሱን ይማረውና አባቴም እንዲህ ነበር።

ታኅሣሥ ነው፣ ሽምብራው እሸት ሆኗል። ሽማግሌዎቹ ከጉብታው ራቅ ብለው ዛፍ ሥር ተቀምጠው እሸት እየፈለፈሉ ጠበቁን። እኛ ደረጃውን ወረድን። ተሾመ ከፊት፣ እኔ ከኋላው ሆኜ በትከሻው ላይ አበራለታለሁ። የእርጥብ ሲሚንቶና የሌሊት ወፍ ኩስ ሽታ አፍንጫ ይሰነጥቃል። የመጀመሪያው ክፍል ባዶ ነው። ግድግዳው ላይ ሚስማር፣ ሚስማሩ ላይ አንድ የወታደር ካፖርት። ከክፍሉ ወደ ውስጥ የሚወስድ ጠባብ መተላለፊያ አለ። ተሾመ እዚያ ደፍ ላይ ቆመ። "ግባ እንጂ" አልኩት። "ቆይ፣ አየር ይግባ" አለኝ። በዚህ መሃል ከውስጥ አንድ ነገር ተንኮሻኮሸ። አይጥ ይሁን ጃርት አላውቅም። ተሾመ ዞረ፣ ገፈተረኝ፣ ለመደገፍ ሲል ካፖርቱን ጨበጠና ካፖርቱም ከሚስማሩ ተላቆ አብሮት ወጣ። እኔም ተከትዬው እግሬ አውጪኝ አልኩ።

ውጭ ስንደርስ ሽማግሌዎቹ ብድግ አሉ። ተሾመ ትንፋሹ ተቆርጦ፣ ፊቱ አመድ መስሎ፣ ካፖርቱን በሁለት እጁ ታቅፎ ቆሟል። አቶ ደምሴ ካፖርቱን አዩና ባርኔጣቸውን አወለቁ። "አገኘኸው ልጄ?" አሉት። ይኼኔ "አልገባሁም" ቢል በቃ ነበር። ዝም አለ። ዝምታውን ኀዘን ብለው ወሰዱት፤ አንዱ አቀፈው፣ አንዱ "ወንድ ነህ" አለው። መወደሱን ሲያይ ምላሱ ተፈታ። "ውስጥ ነው፣ ጣሪያው ተንዶበታል፣ ማውጣት አይቻልም" አለ። ማውጣት አይቻልም ያለው ሌላ ሰው ገብቶ እንዳያይበት ነው፤ ለዚህ ጊዜ ብልጥ ነው።

አቶ ደምሴ ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺስ አየሽ?" አሉኝ። አላየሁም ብል ሮጥኩ ማለቴ ነው። ሁሉም ያየኛል። አንገቴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። እሱን በነገር የምጠዘጥዘው እኔ፣ በዚያች ደቂቃ ከእሱ የምሻልበት አንድም ነገር አልነበረኝም።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ፣ ገና እህል ሳይቀምሱ፣ እንደ ደንቡ ሽማግሌዎች ሄደው እማማ ዲንቄን አረዷቸው። ጡሩምባው ተነፋ፣ ድንኳኑ ተተከለ። ሬሳ በሌለበት ለቅሶ የሟቹ ፎቶና ልብስ ነው የሚያዘው። ካፖርቱን አንድ ጎልማሳ ከፍ አድርጎ ይዞ መሃል ገባ፣ ሕዝቡ አለቀሰ። ቶሎሳ በሕይወት እያለ እግዜር ይስጥልኝ ብላው የማታውቅ ሴት ደረቷን ስትደቃ አየሁ። እማማ ዲንቄ ተነሱ፣ የካፖርቱን እጅጌ ይዘው በክንዳቸው ለኩት።

"ይሄ የልጄ አይደለም። ቶሎሳ አጭር ነው፤ ይሄን ቢለብስ መሬት ይጠርግበታል" አሉ።

"ኀዘን ነው፣ አትፍረዱባት" አሉ አቶ ደምሴ ለሕዝቡ።

በሁለተኛው ቀን ከድንኳኑ ጀርባ ሽንኩርት እየላጥኩ ሳለ የቶሎሳ እህት ጫልቱ መጣች። እኩያዬ ናት። ከፊቴ ቁጢጥ አለች።

"ሬሳው በጀርባው ነው የተኛው በደረቱ?" አለችኝ።

ለሽንኩርቱ የመጣው እንባ ለሌላም አገለገለኝ። ሁሉንም ነገርኳት። ትመታኛለች ብዬ ነበር። "ባትሪሽን አምጪ" ብቻ አለችኝ።

በእኩለ ቀን፣ ሰው ንፍሮ ሲታደል፣ ሁለታችን ሾልከን ሄድን። ተሾመ የቆመበትን ደፍ አለፍን። መተላለፊያው ሁለት ጊዜ ይታጠፋል። ከዚያ ወዲያ ያለው የመኮንኖች ክፍል ነው፤ ስፕሪንግ አልጋ፣ የውስኪ ጠርሙስ እስከ ጉልበት፣ ጠረጴዛው ላይ ካርታ ጨዋታ እንደተዘረጋ። ቶሎሳ ከላይ ሜዳው ላይ ብርድ እየገረፈው የሚጠብቀው ይህንን ነበር። ጫልቱ ጠርሙሶቹን አየች፣ ተፋችባቸው፣ አለፈች። ጣሪያው አንድም ቦታ አልተናደም። በመጨረሻ ሌላ በር አገኘን፣ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ውጭው ከጉብታው ማዶ ያለው የሽምብራ ማሳ ነው። በሩ ሥር የወታደር ልብስና ጫማ ተቆልሏል። እዚያ እያወለቁ በየፊናቸው ሄደዋል። ጫልቱ ክምሩን አንድ በአንድ አገላበጠች፣ የወንድሟን ግን መለየት አልቻለችም፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ሬሳ የሚባል የለም። የአይጥ አጥንት እንኳ የለም።

ድንኳኑ ውስጥ ገብተን በሕዝብ ፊት ተናገርን። እኔም መዋሸቴን ተናገርኩ። አቶ ደምሴ ከወንበራቸው ተነሱ፤ እውነት ሊፈርዱ ነው ብዬ ነበር። "ልጆቼ፣ ድንኳኑ ተተክሏል። ፍትሐቱ ተደርጓል፣ ንፍሮው ተቀቅሏል፣ ከሩቅ የመጣ ዘመድ አለ። አሁን ምን ብለን እንንቀለው? ሠልስቱ ይውጣ" አሉ። ተሾመ አግዳሚ ወንበር ተሸክሞ በአጠገባችን እያለፈ "ፈርተው ክፍሉን ስተውት ነው" አለ። አመኑት። ሦስት መቶ ሰው በቁም ያለ ሊሆን የሚችልን ልጅ ድንኳን ላለመንቀል ሲል ቀበረው።

እማማ ዲንቄ ለኀዘን ያዘቀዘቁትን ነጠላ አውልቀው እንደ ወትሮው ለበሱት። የቀረውን ጊዜ ለቀስተኛውን እንደ እንግዳ ሲያስተናግዱ ዋሉ፤ "ብሉ፣ አትፈሩ" እያሉ። ሰው አበደች አለ።

ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ነው ያስረጀኝ። እማማ ዲንቄ በቅዳሴ የቶሎሳን የክርስትና ስም ከሕያዋን ጋር ሊያስጠሩ ቢሄዱ የሰፈሩ ቄስ እምቢ አሉ፤ ፍትሐት የተደረገለት በሙታን ነው የሚጠራው አሉ። ስለዚህ የሚያውቃቸው ወደሌለበት ቦሌ መድኃኔዓለም በየወሩ በሃያ ሰባት በእግራቸው ይሄዱ ጀመር፣ ልጃቸውን በሕይወት ለማስጠራት። ክረምት ሲሆን ጭቃው ጫማ ያወልቃል። በሁለተኛው ዓመት ዓይናቸው ሲደክም እኔ መምራት ያዝኩ። አንድም ቀን አልወቀሱኝም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ግማሽ መንገድ ላይ፣ "ለምን ነቀነቅሽ?" አሉኝ። "ሰው እያየኝ ነበር" አልኳቸው። "እህ" አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ። እንዲህ ስንመላለስ አሥራ አንድ ዓመት ኖረው አረፉ። ቶሎሳ አልመጣም፣ ሞተ የሚልም ወሬ አልመጣም።

እሑድ ዕለት ሠርጉ ላይ ተሾመ አየኝ። ደስ ብሎት በጣቱ ጠቆመኝ። "ይኸው ምስክሬ! አብራኝ ነበረች" አለ።

"አንተ የመጀመሪያውን ክፍል አላለፍክም። እኔም የዚያን ቀን አላለፍኩም። ቶሎሳ እዚያ አልነበረም" አልኩት።

የሙሽራዋ አጎት በትሕትና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና "እትዬ፣ ይተዉት፣ ሠርግ ነው" አሉኝ። ስልኩን የያዘው ልጅ መልሶ ወደ ተሾመ አዞረው። ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ።

ትናንት ሃያ ሰባት ነበር። ከጫልቱ ጋር ወደ መድኃኔዓለም ሄድን፤ ዛሬ ታክሲ አለ፣ መንገዱም አስፋልት ነው። ስም የሚጽፈው ዲያቆን ልጄን የሚያህል ነው። "ለሕያዋን ነው ለሙታን?" አለኝ፣ እስክሪብቶውን አንስቶ። ሐቁን ለመናገር፣ ቶሎሳ አለ ብዬ አላምንም። ጫልቱም የምታምን አይመስለኝም። ግን አንድ ጊዜ አንገቴን ነቅንቄ ገድዬዋለሁ፤ ሁለተኛ አልገድለውም።

"ለሕያዋን" አልኩት።