ወለዱን ያውቁታል?

ከሺሺንዳ ቦንጋ ደርሶ መልስ ሁለት መቶ ብር፣ ሻይ በዳቦ ሠላሳ፣ እኔ ኮፒ ቤት ደግሞ ለኢንተርኔት ሃያ፤ አንዲት ወጣት ደንበኛዬን ዩኒቨርሲቲ ስታፈላልግ የምትውልበት አንድ ቀን ይህን ያስወጣታል። እጅጌው የሰፋ የወንድ ሸሚዝ ለብሳ ሁለት ፎርም ጎን ለጎን ትዘረጋለች፤ አንዱ የቱርክ፣ አንዱ የጅማ። ሁለቱም ፋይናንስ ናቸው።

"እኔ ብሆን ልጄን አዝዬም ቢሆን ውጭ እሄድ ነበር" አልኳት።

ሸሚዙ የአባቷ ነው፤ ባንክ ብድር ሊጠይቁ የገቡ ዕለት ለብሰውት ነበር። አማርኛ ብዙም አይሆንላቸውም። ኃላፊው "ወለዱን ያውቁታል?" ሲላቸው "አዎ፣ ሦስት ወልጃለሁ" አሉ። ሰውዬው ሠራተኛውን ሁሉ ጠርቶ መልሳቸውን አስደገማቸው። እሷ አጠገባቸው ቆማ ነበር።

"ውጭ ከቋንቋው ጋር ስድስት ዓመት ይፈጃል፣ እዚህ አራት። የባንኩ ኃላፊ ጡረታ ሊወጣ አምስት ቀርቶታል" አለች፣ የቱርኩን ፎርም እያጠፈች። "ኦዲተር ሆኜ እገባና ወለድ ምን እንደሆነ አስረዳኝ እለዋለሁ፤ ሠራተኛው ሁሉ ባለበት።"

ልጻፈው ወይ ስላት ሳቀች።

"ጻፊው። አንባቢዎችሽን ግን ለምኚልኝ፤ ሰውዬውን የምታውቁት ካላችሁ፣ እባካችሁ ጡረታ ቀድሞ እንዳይወጣ ምከሩልኝ።"