ወርቁ እንዳይጾም የተከለከለበት ቅበላ

ዴንቨር መሀል ከተማ ባለው መኪና ማቆሚያ አብረውት የሚሠሩ ሁሉ ወርቁን በጾሙ ያውቁታል። ሁዳዴ ከገባ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አይቀምስም። ይህ ደግ ነው። ክፋቱ፣ ሌላውም እንዲቀምስ አለመፈለጉ ነው። ባልደረባው ሀይለማርያም አንድ ረቡዕ በርገር ሲገምጥ ቢያየው ሳምንት ሙሉ ሰላምታ ነፍጎታል። እንዲህ ያለውን ጾመኛ እግዜር ራሱ ሳይሰለቸው አይቀርም።

ዘንድሮ የቅበላ ቅዳሜ፣ ለንስሐ አባቱ ለቀሲስ ወልደገብርኤል ሊናዘዝ አውሮራ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ሄደ። እንደ ልማዱ ትንንሹን ኃጢአት ዘረዘረ፤ ተቆጣሁ፣ በከንቱ ማልኩ፣ ቅዳሴ አረፈድኩ። ቀሲስ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙትና፣

«የምሥራችስ?» አሉት።

የምሥራች አንድ ልጁ ናት።

«እሷን ተዉኝ አባቴ። ስግደቱን ያብዙብኝ፣ እሰግዳለሁ።»

«ጉልበትህ መቼ እንቢ አለ? እንቢ ያለው ልብህ ነው። ከልጅህ ሳትታረቅ ዘንድሮ አትጾምም።»

ወርቁ ጆሮውን ማመን አቃተው። ስንቱ ጹም ተብሎ በሚለመንበት አገር እሱን አትጹም ማለት!

ነገሩ የቆየ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ናታን የሚባል የጴንጤ ልጅ የምሥራችን ሊያገባ ሽማግሌ ላከ። ጊዜው ሁዳዴ ነበር፤ በረዶ ይጥላል። ሽማግሌዎቹ ኮፍያቸውን አውልቀው ደጁ ቆሙ። ወርቁ ግቡ አላለም። «ጾም ላይ ነኝ፤ ጾሜን አታስፈቱኝ» ብሎ በሩን ፊታቸው ላይ ድርግም አደረገው። የምሥራች ከኋላው ቆማ ታይ ነበር። «እሱን ካገባሽ ልጅ የለኝም» አላት። አገባችው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ ወርቁ ግን ለማሸት እንኳ ሞክሮ አያውቅም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ምርጥ ሥጋ ገዝቶ፣ በአሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ የኢስት ኮልፋክስን ጎዳና ይዞ ወደ ቤቷ ሄደ። አድራሻውን የሰጡት ቀሲስ ናቸው። መንገዱን ሙሉ የሚናገረውን ያጠና ነበር። ልጁ ናፍቃዋለች፤ በዚህ አልዋሽበትም። ሆኖም የነገው ሰኞ ይበልጥ ያስጨንቀው ነበር።

በሩን የከፈተችለት ትንሽ ልጅ ናት። ከላይ እስከ ታች አየችውና ወደ ውስጥ ጮኸች።

«ማሚ! አንድ ኦልድ ማን መጥቷል!»

የልጅ ልጁ ኑኃሚን ነበረች። አይታው አታውቅም።

የምሥራች የሆስፒታል ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ብቅ አለች። ስታየው ክው ብላ ቀረች። «ግባ አባዬ» አለችው። ገባ። ኮቱን ተቀበለችው፣ ሶፋው ላይ አስቀመጠችው፣ ያመጣውንም ሥጋ ፍሪጅ ውስጥ ከተተችው።

«የቅበላ እኮ ነው፤ ዛሬ ነው የሚበላው» አላት።

«እኛ ነገም እንበላዋለን።»

ድሮ ቢሆን ቤቱን በጩኸት ያናጋው ነበር። አሁን ዋጥ አደረገው። የቀረበለትን ሩዝ በዶሮ ጥቂት ቀማመሰና አንገቱን ደፋ።

«ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ልጄ።»

ዓይኗ እንባ ሞላ። «ስልክ በጮኸ ቁጥር አንተ ትመስለኝ ነበር» አለች። «አሁን ምን ትዝ ብሎህ መጣህ?»

ናፍቀሽኝ ቢል ምን ነበረበት? እውነትም ነበር። ግን ዕድሜውን ሁሉ ስለ ጾም ሲያወራ የኖረ አፍ ሌላ ወሬ ከየት ያመጣል?

«ቀሲስ ከልጅህ ካልታረቅህ አትጾምም ብለውኝ ነዋ። ሁዳዴ ደግሞ ነገ ይገባል።»

እንባዋ እዚያው ዓይኗ ላይ ደረቀ።

«ለጾምህ ነው የመጣኸው።»

«ኧረ እንደሱ ማለቴ...»

«ይቅር ብዬሃለሁ፣ አባዬ። በል ሂድና ጹም።»

በድምፅዋ ቁጣ አልነበረም። ብትሰድበው ይሻለው ነበር። ኮቱን አምጥታ አለበሰችው፤ «ውጭው ይበርዳል» ብላም አዝራሩን ቆልፋለት ሸኘችው። ኑኃሚን ከእናቷ ጀርባ ሆና በእጇ ባይ አለችው። የምሥራች ደረጃውን ወርዶ እስኪጨርስ ጠብቃ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። እሱ ለሽማግሌዎቹ ይህን እንኳ አላደረገላቸውም።

ሰኞ ጾመ። የሚከለክለው አልነበረም።