ምቱን ያዢ

ዛሬ ከሰዓት መብራት ጠፋና ጎረቤታችን ጄኔሬተር አስነሳ። የናፍታው ሽታ በመስኮት ሲገባ ጣቴ ሳላዘው ጠረጴዛውን መምታት ጀመረ።

በ2008 ክረምት ጁባ ነበርን፤ እናቴ አማራት ሰፈር ሆቴል ነበራት። እኔ ገና አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። የሆቴሉ ባንድ ቤዝ ጊታር ተጫዋች፣ ጋሽ ሞላ፣ ያስተምረኝ ነበር። የጄኔሬተሩ ናፍታ ሲያልቅ አምፕሊፋየሩ ስለማይሠራ፣ ጆሮዬን ጊታሩ እንጨት ላይ አስደግፎ ያስጠናኛል። ድምፁ በአጥንቴ ነበር የሚገባው።

«ፋንክም ይሁን ሮክ፣ ጣቱን የሚያሯሩጥ ሞልቷል» ይለኝ ነበር። «ጎበዝ ቤዝ ተጫዋች ግን ሌሎቹ ሲጠፉ የሚመለሱበትን ቦታ የሚጠብቅላቸው ነው። እስኪመጡ አያቆምም።»

በዚያው ክረምት ከተማው ውስጥ ውጊያ ተነሳ፤ ተኩሱ በጀመረ በሦስተኛው ቀን ውሃ አለቀብን። እናቴ እንግዶቹን ይዛ ሳሎን ነበረች፤ እኔና ጋሽ ሞላ ከጓሮ በር አጠገብ ያለው መጋዘን ውስጥ ተኝተናል። ግድግዳው በተንቀጠቀጠ ቁጥር እጮሃለሁ። ጊታሩን አሳቀፈኝና ጆሮዬን እንጨቱ ላይ አስጠጋው።

«ይቺን ብቻ ስሚ፣ የኔ ልጅ። ውሃ ይዤ እስክመለስ ምቱን ያዢ። እንዳታቆሚ።»

ጀሪካኑን አንስቶ ወጣ። የጓሮውን በር ከውስጥ ቀረቀርኩት።

ወፍራሙን ክር ስመታ ዋልኩ። ከእንጨቱ ሌላ የሰማሁት የለም። ውጭ ማን እንደጮኸ አላውቅም፤ የጓሮው በር ተንኳኩቶ እንደሆነም አላውቅም። ሲመሽ እናቴ መጥታ የደማውን ጣቴን ጨበጠችና «በቃ፣ አቁሚ» አለችኝ።

አቁሚ ያለችኝ እሷ ናት። እሱ እስካሁን አላለኝም።